የታመመን ልብ ማን ይምራው?

ሰው ሥጋው ሲታመም የሚያመውን በእጁ ያመለክታል፤ መንፈሱ ሲታመም ግን አመልካቹ ራሱ ታሟልና እጁን ለሌላ ሰጥቶ ይከተላል። ይህን እጅ የሚይዝ ሰው ምን ዕዳ አለበት? ጥያቄያችን ይህ ነው።

በአገራችን የዚህ እጅ ያዦች ብዙዎች ናቸው። ከቆጋ ወንዝ ዳር እስከ ባሕር ዳርና እስከ ጣና ገዳማት ድረስ የአእምሮ ሕመምተኛን ዘመዶቹ ብዙ ጊዜ አስቀድመው የሚወስዱት ወደ ጠበል ነው። በጎንደርም ባለዛሮች በቡናና በዕጣን፣ በከበሮና በጭብጨባ ሕመምተኛውን ሲያነጋግሩ ሚሼል ሌሪስ የተባለ ፈረንሳዊ በ1932 እ.ኤ.አ. አይቶ ጽፏል።

የውጭው ዓለም ሊቃውንትም ዛሬ ወደዚሁ ደጃፍ ቀርበዋል። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ በአንዳንድ እንጉዳዮች ውስጥ የሚገኘውን ፕሲሎሲቢን ከወሰዱ ጤነኞች ብዙዎቹ ጥልቅ መንፈሳዊ ስሜት አድሮባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ቅመሙ ለድብርት ሕመም ይመረመራል። ሥርዐቱም ሦስት ክፍል አለው፤ አስቀድሞ ሕመምተኛውን ማዘጋጀት፣ በዕለቱ አጠገቡ መቀመጥ፣ በኋላም ያየውን ከኑሮው ጋር እንዲያዋሕድ መርዳት። ከሐኪሞቹም አንዳንዶቹ ጸሎትንና ዜማን ይጨምሩበታል። እኛም ይህን አንነቅፍም፤ ሰው ሥጋ ብቻ አይደለምና።

ነገር ግን ልቡ የተከፈተ ሰው «እምቢ» ለማለት ዐቅም ያንሰዋል። ኤምዲኤምኤ የተባለው ቅመም በሚሞከርበት ጊዜ በአንድ ስፍራ የሕክምና ሥነ ምግባር ተጥሶ ስለ ነበር፣ አንድ የሳይንስ መጽሔት በ2024 እ.ኤ.አ. ሦስት ጽሑፎችን ሰርዟል። በእኛም ዘንድ ሕመምተኛ በሰንሰለት ሲታሰርና «ኪኒንህን ጣል» ሲባል ታይቷል። ስፍራው ይለያይ እንጂ በደሉ አንድ ነው፤ የታመነበት ሰው የሌላውን ፈቃድ ለራሱ ወሰደ።

«ጠበልንና መድኃኒትን ማቀላቀል እምነትን መክፈል ነው» የሚል ይኖራል። ሆኖም ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤድስ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው ቢወስዱ ተቃራኒ እንዳልሆነ በይፋ ተናግረዋል። ቆጋ ከግልገል ዓባይ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ጣና ሲገባ ስሙ ይቀራል እንጂ ውሃው አይጠፋም፤ እምነትም ከጥበብ ጋር ሲገናኝ እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ካህንም ይሁን ሐኪም መሪው የሚመዘነው በያዘው ነገር ብቻ አይደለም። የሚያደርገውን አስቀድሞ ይናገራልን? «ይበቃኛል» ሲባል ይሰማልን? ከዐቅሙ በላይ የሆነውን ወደ ሌላ ይልካልን? በመጨረሻም የተሰጠውን እጅ ለባለቤቱ ይመልሳልን? ይህን የማያደርግ፣ ተአምር ቢሠራ እንኳ፣ ሰውየውን ከአንድ እስራት ወደ ሌላ አዛወረው እንጂ አላዳነውም።