የወንድማማቾች ቤት በር ለማን ይከፈታል?

የቀድሞ ተማሪዎች የተማሩበትን ወይም ያደሩበትን ቤት ለማደስ ገንዘብ ማሰባሰባቸው በብዙ አገር የታወቀ ልማድ ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች ተማሪዎች በግሪክ ፊደላት እየሰየሙ የሚያቋቁሟቸው የወንድማማችነት ማኅበራት አሉ፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1776 በቨርጂኒያ በዊልያምና ሜሪ ኮሌጅ ተመሠረተ። ዛሬ ብዙዎቹ ማኅበራት አባላቱ አብረው የሚኖሩበት ቤት አላቸው። ቤቱ ሲያረጅ ወይም ሲቃጠል፣ ከተመረቁ ሠላሳና አርባ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ሳይቀሩ ገንዘብ አውጥተው መልሰው ያሠሩታል። ነገሩ ያስመሰግናል። ዳሩ ግን አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ይኸውም፦ ሰው ራሱ ለኖረበት ቤት የሚሰጠው ገንዘብ ምን ይባላል? መዋጮ ነው? የውለታ ምላሽ ነው? ወይስ ምጽዋት?

ጥያቄው ከእኛ የራቀ አይደለም። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚያወጣው መንገድ በትምህርት ቤት ትዝታ የተሞላ ነው። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በዚሁ አካባቢ ይገኛል። ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1945፣ ከካናዳ የመጡ ኢየሱሳውያን ትምህርት ቤቱን እንዲመሩ ተጠሩ፤ ልብሰ ክህነት ሳይለብሱና ሃይማኖታቸውን ሳይሰብኩ አስተማሩ። ከእነርሱም አንዱ የሆኑት አባ ሉሲየን ማት በ1943 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በመጀመሪያ ፕሬዚዳንትነት መሩ። በኮሌጁ ትምህርቱም፣ ማደሪያውም፣ ማዕዱም ያለ ክፍያ ነበር። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣው ወጣት፣ ኋላም ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጣው ተማሪ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር አደሩ፤ አንድ ማዕድ ቆረሱ። የተፈሪ መኰንን ስም በደርግ ዘመን ተለውጦ «እንጦጦ» ቢባልም፣ የተማሩበት ሰዎች አገር ውስጥም ሆነ ባሕር ማዶ እየተሰባሰቡ የቀድሞ ስሙን ሲያነሡ ይሰማሉ።

እንበልና እንዲህ ያለ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የጥንቱን የአዳሪዎች ቤት መልሶ ለመሥራት ተነሣ። አንዱ አባል «እዚህ ቤት ውስጥ ሰው ሆኛለሁ፤ ፈርሶ ባየው ኅሊናዬ አያርፍም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ከአጥሩ ውጭ ሸማኔው በጉድጓድ ሸማ መሥሪያው ተቀምጦ ውሎ ለልጁ ደብተር መግዣ ያጣል። እኛ ለትዝታችን ድንጋይ ስንክብ እግዚአብሔር ምን ይለናል?» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ቅን ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም የተናገሩት እውነት አለው።

ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ቋንቋችን ራሱ ያደረገውን ልዩነት እንመልከት። ከጋሞ ደጋ መጥቶ በሽሮ ሜዳ የሚኖረው ሸማኔ በየወሩ ለዕድሩ ገንዘብ ይከፍላል። ሲሞት ይቀበርበታል፤ ቤተሰቡ ሲያዝን ድንኳን ይተከልበታል። ይህን ክፍያ መዋጮ ይለዋል እንጂ ምጽዋት ብሎት አያውቅም። የሰጠው በተራው የሚያገኘው መሆኑን ያውቃልና። በዚህ ረገድ ድኻው ሸማኔ ከብዙ ባለጸጋ ይልቅ እውነተኛ ነው። የአሜሪካ ሕግ እንኳ ይህን ለይቶ አይቶታል። ለወንድማማችነት ማኅበሩ ለራሱ የተሰጠ ገንዘብ ከግብር አይቀነስም፤ ለትምህርት ዓላማ ለተቋቋመ በጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ግን ሊቀነስ ይችላል። ሕጉ መዋጮን አይከለክልም፤ የምጽዋትን ክብር ግን አይሰጠውም።

እንግዲህ ውለታ የት ላይ ይቆማል? ውለታ ከምጽዋት ያነሰ ነገር አይደለም። ያሳደገውን የረሳ ሰው ለማያውቀው እንግዳ እጁን ይዘረጋል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል። ነገር ግን ለማን ነው የምንመልሰው? ያስተማሩን መምህራን አብዛኞቹ አልፈዋል፤ እንጀራ የጋገሩልን እናቶች፣ በር የጠበቁልን አባቶች በሕይወት የሉም። ግድግዳው ደግሞ ውለታ አይቀበልም። ስለዚህ ዕዳው ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል፤ እርሱም ያኔ እኛ በቆምንበት ቦታ ዛሬ የቆመው፣ ያለ ማንም እርዳታ ደጁን ሊሻገር የማይችለው ልጅ ነው። እኛም በዚያ ቤት የገባነው የማንም ወንድም ሳንሆን ነበር፤ ወንድማማች የሆንነው ከገባን በኋላ ነው። ውለታን በትክክል ያሰበ ሰው እንግዲህ በሩን ለእንግዳ ሳይከፍት ሊያርፍ አይችልም።

ይህንኑ ሐሳብ ለቀድሞ ተማሪዎች ፊት ለፊት የተናገሩ አባት ነበሩ። የኢየሱሳውያን ጠቅላይ አለቃ የነበሩት አባ ፔድሮ አሩፔ እ.ኤ.አ. በ1973 በስፔን በቫሌንሲያ ከተማ ለተሰበሰቡት በአውሮፓ የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤቶች የቀድሞ ተማሪዎች ንግግር አደረጉ። ለፍትሕ የሚሠሩ ሰዎች አድርገን አስተምረናችኋልን ብለው ጠየቁ፤ መልሱም በሚገባ አላስተማርናችሁም የሚል እንደሆነ በትሕትና ገለጡ። ቀጥለውም የትምህርት ግቡ ለሌሎች የሚኖር ሰው ማፍራት መሆኑን አስረዱ። ንግግሩ ከአድማጮቹ አንዳንዶቹን አስቈጣ፤ ምስጋና ለመስማት የመጣ ሰው ሥራ ሲሰጠው ቅር ይለዋልና።

በዚያው ወደ ሽሮ ሜዳ በሚያመራው መንገድ መነሻ ላይ ያለው የገነተ ልዑል ግቢም አንድ ነገር ያስተምረናል። የአንድ ቤተሰብ ቤተ መንግሥት የነበረው በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ደጃፍ የገባው የደሀና የገበሬ ልጅ ብዛት ተቈጥሮ አያልቅም። ሕንጻው ያው ነው፤ የተለወጠው በሩ የሚከፈትለት ሰው ነው።

ስለዚህ የቀድሞ ተማሪዎች ቤታቸውን መልሰው ይሥሩ። ነገር ግን የመጀመሪያው ብር ሳይሰበሰብ በፊት ማን እንደሚያድርበት ይወስኑ። የሚሠራው ለመገናኛና ለመታሰቢያ ብቻ ከሆነ፣ በግልጽ መዋጮ ብለው ይጥሩት፤ ነውር የለበትም፤ ምጽዋት የሚለውን ስም ግን አይውሰዱለት። ከአልጋዎቹ ጥቂቱ እንኳ ለሸማኔው ልጅ ከተያዘ፣ ያኔ ውለታው በእውነት ተመለሰ። ጌታችን ግብዣ የሚያደርግ ሰው ብድር ሊመልሱለት የማይችሉትን እንዲጠራ ያስተማረው ትምህርት እዚህ ላይ ይሠራል።

ነገሩ የቁምስናዎቻችንም ነው። የመዘምራን ቡድን፣ የወጣቶች ማኅበር፣ የትምህርተ ክርስቶስ ተማሪዎች የነበሩ ሁሉ አዳራሽ ለማደስ ይሰባሰባሉ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በእንዲህ ያለ ጉባኤ ስንገኝ፣ ስንት ብር ተሰበሰበ ከማለታችን በፊት ቁልፉ በማን እጅ ይሆናል ብለን እንጠይቅ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እውነት ነው። ሆኖም የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች እንደሚያውቁት፣ ጎን ለጎን የተዘረጋ ድር ብቻውን ልብስ አይሆንም። ማግ በመካከሉ ሲያልፍበት ነው ሰው የሚያለብሰው።