ጉርሻው ሶፍት ውስጥ ገባ

ልጄ፣ የፋሲካ ዕለት ያየሁትን ልንገርሽ። ዶሮውን የሠራችው ልጅሽ ናት፤ ሽንኩርቱን ስታቁላላ ነው ያደረችው። ገበታ ሲቀርብ ግን እንጀራዋን የጥፍር ያህል እየቆረሰች ሳህኑ ዳር ደረደረችው። ባለቤቴ ያጎረሰቻትን ደግሞ አፏን የምትጠርግ መስላ ሶፍት ውስጥ ተፋችው። እናንተ የዶሮውን ጣዕም ታወድሳላችሁ፤ እሷ አልቀመሰችውም።

አንቺ «ጾም ታበዛለች፣ መንፈሳዊ ሆናለች» አልሽኝ። 55ቱን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመች፣ እሺ። ጾም ግን በፋሲካ ይፈታል፤ የእሷ ፋሲካ የታለ? የንስሐ አባቷን ጠይቂያቸው፤ የታመመ ሰው ጹም እንደማይባል ይነግሩሻል።

30 ዓመት ድሬሰር ሆኜ ስሠራ የማውቀው ረሃብ የድሃ ቤት ረሃብ ነበር። ሌማቱ ሞልቶ የሚራብ ልጅ አለ ብትዪኝ እስቅብሽ ነበር። ለካ አለ። ቅብጠትም እልህም አይደለም፣ በሽታ ነው፤ ሐኪሞች አኖሬክሲያ ይሉታል። ቡሊሚያ የሚባለው ደግሞ ያለ ልክ በልቶ በድብቅ ማስመለስ ነው፤ ሰውነቷ ያልከሳ ልጅም ትታመምበታለች፣ ወንዶችም አይቀርላቸውም። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ካረን ካርፔንተር እ.ኤ.አ. በ1983፣ ገና በ32 ዓመቷ፣ አኖሬክሲያ ባመጣው ጣጣ ልቧ ደክሞ ሞታለች።

«እንግዲህ ብዪ!» ብለሽ መጮህሽ የማይሠራው ለምን መሰለሽ? እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በተጀመረ ጥናት፣ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ያህል ምግባቸው በግማሽ ገደማ ተቀነሰ። ሰዎቹ ስለ ምግብ ብቻ ማሰብ፣ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ማገላበጥ፣ አንዷን ሳህን ምግብ ሲነካኩ መዋል፣ መነጫነጭ፣ ከሰው መሸሽ ጀመሩ። ረሃቡ ራሱ አእምሮን ይይዛል። ልጅሽ ለሌላው ስታቁላላ አድራ የማትቀምሰው ነገር በዚህ በኩል ሲታይ ብዙም አይገርመኝም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። በገና ዕለት በሰው ፊት «ወፈር ብለሻል!» ያልኳት እኔ ነኝ። በእኛ ጊዜ ምርቃት ነበር። ፊጂ በምትባል የደሴቶች አገርም ሞላ ያለ ሰውነት የተከበረ ነበር አሉ፤ ቴሌቪዥን በገባ በሦስት ዓመት ውስጥ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ከተጠየቁት ተማሪ ልጃገረዶች ከመቶ 11ዱ ለመክሳት ሲሉ እንደሚያስመልሱ ተናገሩ። በሽታው በአንድ ቃል አይመጣም፤ በዘር የሚወረስም፣ ከጭንቀት የሚነሣም ነገር አለበት። ቢሆንም ያፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ቀይ ስትሆን አይቻታለሁ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ለጎረቤት ሐሜት ብለሽ አትሸፋፍኚው። በፀሐይ ጋቢ ለብሳ የምትንቀጠቀጠው፣ ስትነሣ የሚያዞራት በከንቱ አይደለም። የወር አበባዋ ከቀረ ስንት ወር እንደሆነው ቀስ ብለሽ ጠይቂያት። ጠበሉንም አትተዪ፣ ግን ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ውሰጃት፤ ደሟንና የልብ ምቷን ይዩላት። የአእምሮ ሐኪምም ያስፈልጋታል፣ በዚህ አትፈሪ።

ደንግጠሽ ደግሞ ገንፎ በቅቤ እንዳትግቻት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፣ እዚህ ላይ ግን የሚፈሰው አይለቀምም፦ ብዙ የተራበ ሰውነት ባንዴ ሲመገብ በደም ውስጥ ያለው ፎስፌት ወርዶ ልብን ሊያቆም ይችላል። መጠኑን ሐኪም ይወስን፤ ከዚያ በኋላ ገበታው ላይ አጠገቧ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ፣ በየቀኑ፣ ሳትቆጪ።

እሁድ እመጣለሁ። ስለ ሰውነቷ አንድ ቃል አይወጣኝም፣ ስለ ፈተናዋ ነው የማወራት። መታጠቢያ ቤት ያለውን ሚዛን ግን እስከዚያ አውጥተሽ አስቀምጪልኝ፤ እህል ነጋዴው ኪሎ እያጎደለብኝ ነው፣ ጤፍ እመዝንበታለሁ።