የሽማግሌ አበል

ኤምባሲዎች ለትንንሽ ማኅበራት የሚሰጡት ገንዘብ ከበጀት ቅጽ ጋር ነው የሚመጣው፤ ቅጹ ላይ ደግሞ «የተሳታፊዎች የውሎ አበል» የሚል መስመር አይጠፋም። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ደሴ ውስጥ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን፣ ሽማግሌውንና ወጣቱን አንድ ምንጣፍ ላይ አስቀምጦ ለሚያወያይ ትንሽ ማኅበር መዝገብ እይዛለሁ። ያቺ አንዲት መስመር ዕረፍት ነሥታኛለች። አንድ ሽማግሌ የተጣሉ ሰዎችን ሲያስታርቅ ውሎ የሚቀበለው ብር ምን ተብሎ ይመዝገብ? ደመወዝ? ስጦታ? ምጽዋት? ቅጹን ያዘጋጁት ሰዎች «አበል» ብለው ተገላግለዋል። እኔ ግን ሙስሊም አባትና ክርስቲያን እናት ያሳደጉኝ የወሎ ልጅ ነኝ፤ የምጠየቀው በሁለት ወገን ነው።

ስለ ገንዘቡ ጥቂት ልበል። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በኤምባሲዎቿ በኩል አነስተኛ ድጋፍ ትሰጣለች፤ በየገጠሩ የመማሪያ ክፍልና የውሃ ጉድጓድ ላይ ባንዲራዋን ያየ ያውቀዋል። የአሜሪካ አምባሳደሮች «ራስን የመርዳት» ፈንድ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶጎ ላይ ተጀምሮ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች የተዛመተ ነው፤ ደንቡም የአካባቢው ሰው በጉልበት ወይም በዕቃ የራሱን ድርሻ እንዲያዋጣ ያስገድዳል። ለቅርስ ብቻ የተለየ ሌላ የአምባሳደሮች ፈንድ አለ፤ ላሊበላ ላይ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ሲጠገን ከዚያ ገንዘብ ወጥቷል። ካናዳም የራሷ አላት። ለውይይትና ለባህል ልውውጥ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ የዓመት ዕድሜ ያለው ትንሽ ገንዘብ ነው። ትንሽነቱ ለእነሱ ነው፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ የአዳራሽ ኪራይ፣ የመኪና፣ የምሳ፣ የድምፅ ማጉያ፣ የእኔም ደመወዝ ይሆናል።

በአገራችን ሕግ ይህ ገንዘብ የተጠረጠረበት ዘመን ነበር። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኝን ማኅበር ከሰብአዊ መብት፣ ከሃይማኖቶች እኩልነት፣ ከግጭት አፈታትና ከዕርቅ ሥራ ከልክሎ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ክልከላውን አነሣው። አሮጌውን አዋጅ አልወደውም፤ ብዙ ማኅበር አዳክሟል፣ ብዙ ሰው አንገት አስደፍቷል። ሆኖም ዕርቅን ለይቶ ከዝርዝሩ ውስጥ ማስገባቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በውጭ ብር ጉድጓድ ይቆፈር፣ ክትባት ይሰጥ፣ የሚያስታርቀን ግን የራሳችን ብር ይሁን እንደ ማለት ነው። ሕግ አውጪው ያሰበው ስለ ሥልጣኑ ይሆናል፤ ጥያቄው ግን ከእሱ ሐሳብ ይሰፋል።

በእናቴ ወገን የሚመጣው ወቀሳ ቀላል ነው። ቀኝ እጅህ የሰጠውን ግራህ አይወቀው የተባለ ሰው፣ ሁለት ባንዲራ የታተመበት ባነር ተሰቅሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ «በእገሌ ኤምባሲ ድጋፍ» ተብሎ ሲያይ ምጽዋቱ ዋጋውን እዚሁ ተቀበለ ይላል። አክስቴ ይህን ስታነሣ የምመልስላት አንድ ነው፦ ምሥጢሩ የሚያምረው ገንዘቡ የራስሽ ሲሆን ነው። አምባሳደሩ ከኪሱ አልሰጠም። ግብር የከፈለ አንድ ሩቅ አገር ያለ አናጢ ወይም ነርስ አለ፤ ያ ሰው የት እንደገባ ማወቅ አለበት። የሐዋርያት ሥራ ላይ እኮ ሰባቱ ዲያቆናት የተመረጡት የዕለት ማዕድ ሲታደል መበለቶቻችን ተዘለሉ የሚል ጉርምርምታ ስለተነሣ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድኾች የተዋጣውን ገንዘብ ሲያስልክ ብቻውን አልያዘውም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው አብሮ እንዲጓዝ አደረገ፣ ማንም ነቀፌታ እንዳያገኝበት። የአባቴ ወገን ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ጾምም ስለ ሐጅም አይደለም፣ ዕዳ በጸሐፊና በምስክር ይጻፍ የሚል ነው። ይህን ለአንድ ሼህ ባነሣሁላቸው ጊዜ ሳቁና «የእናንተ ሙያማ በአል-በቀራህ የተከበረ ነው» አሉኝ።

እርግጥ ደረሰኙ ያስቃል። ቄጤማ የምትሸጥ ሴት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የላትም። ቡናውን የሚያመጡልን እናት ስማቸውን በጣት አሻራ ነው የሚፈርሙት። የማመልከቻ ቅጽ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ሲጠይቅ የእኛ ቢሮ የመታወቂያ ወረቀት ላይ ያለው «የቤት ቁጥር፦ አዲስ» የሚል ነው፤ ቤቱ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። እነዚህን ሁሉ በቃለ ጉባኤና በሦስት ሰው ፊርማ እናልፋቸዋለን። ከመዝገብ ጋር ጠብ የለኝም።

ሁለተኛው ወቀሳ፣ «ልባችንን ሊገዙ ነው» የሚለው፣ ወጣቶቹ ዘንድ ይበረታል። ልክ ናቸው፤ ሊገዙ ነው። ኤምባሲዎቹ ራሳቸው አይደብቁትም፤ የአገራቸውን ወዳጅ ማብዛት የሥራቸው አካል ነው። ግን ይህ አዲስ ነውር ነው እንዴ? ዘካ ለስምንት ዓይነት ሰዎች ይሰጣል፤ ከነዚያ ውስጥ አንደኛው ልቡ እንዲለማመድ የሚፈለግ ሰው ነው። በትውፊት እንደሚነገረው፣ በአቡበክር ዘመን ዑመር እስልምና በርትቷልና ከእንግዲህ ልብ በስጦታ አንፈልግም ብለው ያንን ድርሻ አስቀሩት፤ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ማለትም ልብን በስጦታ መሳብ ይፈቀዳል፤ ኀይል ያገኘ ግን ይተወዋል። እኛስ ብንሆን? ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ከተማችን መሃል ቆሟል። እዚያ ግብር የበላ ሰው በልቶ ብቻ አልሄደም፤ የጌታው ሰው ሆኖ ነው የወጣው። ሚካኤል ራሳቸው መሐመድ ዓሊ ተብለው ተወልደው፣ እ.ኤ.አ. በ1878 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ክርስትና አንሥተዋቸው ስምም ሹመትም ያገኙ ናቸው። ልብ፣ ሃይማኖትና ስጦታ በወሎ ምድር ላይ ሲገናኙ ኤምባሲ ገና አልተከፈተም ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ዓላማውን በግልጽ የጻፈ ሰጪ፣ ዓላማ የለኝም ከሚል ሰጪ ይሻላል። ቢያንስ ምን እንደፈረምኩ አውቃለሁ።

እንግዲህ ሰጪውን ካለፍኩት፣ የቀረኝ ተቀባዩ ነው፤ እዚያ ላይ ነው የምቸገረው።

በእኛ አገር የደም ዕርቅ የሚይዙ አባጋሮች አሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይቀበላቸዋል። ሰው ሲገደል በገዳይና በሟች ወገን መካከል ይገባሉ፤ አንዱ ቤት ደጅ ይጠናሉ፣ ይመለሳሉ፣ ይሰደባሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ። ዕርቁ ሲወርድ በሬ ይታረዳል፣ ይበላል፣ ይመረቃል። መብላቱ አለ እንግዲህ፤ ሽማግሌ ጾሙን ይዋል ያለ የለም። የማይታወቀው ፈርሞ ብር መቀበል ነው።

ማኅበራችን ገንዘቡን ባገኘበት ዓመት እንዲህ ያሉ ሽማግሎች ከየቀበሌው ተጠሩ። ሲያበቃ አስተባባሪው የፊርማ ወረቀት አዞረ። ሁሉም ፈረሙ፤ አንድ አዛውንት ብቻ ወረቀቱን ይዘው ወደ እኔ መጡ። «ልጄ፣ ይቺ የምን ናት?» አሉኝ። ለውሎዎ ናት አልኳቸው። «ነገ እነዚያ ቤት ስሄድ፣ ትናንት ስንት ሰጡህ ካሉኝ ምን ልበላቸው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ የቅጹ መመሪያም ስለ ነገ የሚለው የለም። የታክሲውን ተቀብለው፣ ከአበሉ ፊት ለፊት ሰረዝ አድርገው ሄዱ። እኔም ተመላሽ ብዬ መዘገብኩ።

የፈሩት ነገር ሌሎቹ ላይ ደረሰ። ከአበሉ በኋላ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሁለት ጎረቤታሞች በውሃ መውረጃ ተጣሉና ከፈራሚዎቹ አንዱ መሃል ሲገቡ፣ የተበደልኩ ባዩ ሰው «አንተ የፕሮጀክት ሽማግሌ ነህ» አላቸው። ሰውየው የወሰዱት ብር ለአንድ ኪሎ ቡና አይበቃም። ቢሆንም አፋቸው ተያዘ። ያ ስድብ ከዚያ ወዲህ በከተማው ተለምዷል፤ ጥፋቱም በወሰዱት ልክ አይደለም።

የሽማግሌ ቃል ለምን ይከበራል? ዳኛም ደመወዝ ይከፈለዋል፣ ፍርዱም ይጸናል ይሉኛል ወጣቶቹ፤ እንዲያውም ለዳኛ በደንብ የምንከፍለው ጉቦ እንዳይበላ ነው። እውነት ነው። ነገር ግን ከዳኛው ጀርባ ፖሊስ አለ። ተከራካሪው ዳኛውን ባያምነውም ይታዘዘዋል። ከሽማግሌው ጀርባ ማንም የለም። ያለው ነገር ቢኖር የከሰረበት ቀን ነው፤ እርሻውን ትቶ፣ ሱቁን ዘግቶ፣ በማያገባው ጠብ ፀሐይ ሲመታው መዋሉ። በእኔ ሙያ አነጋገር ያ የከሰረ ቀን መያዣው ነው። በዚያ መያዣ ነው ሁለቱ ወገኖች እምነታቸውን የሚያበድሩት። አበሉ ቀኑን ሲከፍልለት ኪሳራው ይጠፋል፣ መያዣውም አብሮ ይነሣል። ብሩ ከዋሽንግተን ይምጣ ከቶኪዮ፣ ከክልሉ ካዝናም ቢመጣ ልዩነት የለውም። ለዚህም ነው የውጭ ገንዘብ መሆኑ ብዙ የማያስጨንቀኝ። አዋጁ የሳተው ይመስለኛል፤ የብሩን አገር አየ፣ የገባበትን ኪስ አላየም።

በዚህ ላይ የምረታ መስሎኝ ሳወራ አንዲት የቦርድ አባል፣ የገጠር ሴት፣ አቋረጠችኝ። «ይህ ያለው ሰው ሃይማኖት ነው» አለች። ቀኑን መክሰር የሚችለው በሬና ልጅ ያለው ነው፤ በቀን ሥራ የሚያድረው ሽማግሌ ካልተከፈለው ቤቱ ይቀራል፣ ሽምግልናውም የሀብታም ርስት ይሆናል። ሴቶቹማ፣ አለች፣ መጀመሪያውንስ ማን ጠርቷቸው? ለውይይቱ ቡና ያፈላችው ሴት ከማንም በፊት መጥታ ከሁሉም በኋላ ሄዳለች፤ ስሟ ያለው በ«መስተንግዶ» ሥር ነው። ጳውሎስን ጠቀስኩባት፤ ወንጌል የሚሰብክ ከወንጌል የመኖር መብት አለው ብሎ ከተከራከረ በኋላ እሱ ግን በመብቱ አልተጠቀመም። «እሱ ድንኳን ይሰፋ ነበር» አለችኝ። ሙያ ያለው ሰው መተው ይችላል ማለቷ ነው። ያን ቀን ከእሷ የተሻለ ነገር አልተናገርኩም።

ስለ እኔ ደመወዝ የጠየቀኝም አለ። የዘካ ሰብሳቢዎች ከስምንቱ ውስጥ ድርሻ እንዳላቸው ነግሬዋለሁ፤ የእኔ ድምር ቢከፈለኝም ባይከፈለኝም ያው ነው፣ ማንም አምኖኝ አይታረቅም። መልሱ ይበቃል ብዬ አምናለሁ፤ እሱ አላመነም።

አሁን በማኅበሩ ውስጥ የምሟገተው ይህን ነው፦ መኪናው ይከፈል፣ ምሳው ይከፈል፣ ቡና አፍይዋ እንደ ማንኛውም ባለሙያ ይከፈላት፤ ለማስታረቅ የተጠራ ሰው ግን በስሙ ፈርሞ ብር አይቀበል። ቀኑን መክሰር የማይችለውን መንደሩ ይቻለው፤ ደቦ ለዚህ ነው፣ አንድ ሰው ዕርቅ ላይ ሲውል እርሻውን ጎረቤት ያርስለት። ራስን የመርዳት ፈንድ የሚጠይቀው የአካባቢ መዋጮም በዚህ መልክ ቢቆጠር ደስ ይለኛል፤ በሪፖርት ላይ «የአንድ ጥማድ እርሻ» ብዬ ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ።

የዓመቱ ገንዘብ አልቋል። ጥር 2017 ላይ አሜሪካ የውጭ ርዳታዋን ካቆመች ወዲህ የሚያመለክተው በዝቶ ሰጪው አንሷል፤ በሌሎቹም በር ላይ ሰልፍ አለ። ምንጣፉ ግን አልተጠቀለለም፣ ስብሰባው ቀጥሏል። አበል የለም፤ «የፕሮጀክት ሽማግሌ» የሚል ስድብም በአዳራሹ ውስጥ አልሰማሁም። የቀሩት ግን አሉ፦ ከሩቅ ቀበሌዎች በመኪና ይመጡ የነበሩት፣ አብዛኞቹም ሴቶች። ያቺ የቦርድ አባል ስማቸውን አንድ በአንድ አንብባልናለች። የመኪናውን ኪራይ ከሰፈሩ እድሮች እንሸፍን የሚል ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው እድር ተስማምቷል። የሁለተኛው እድር ዳኛ የእድር ብር ለቀብር እንጂ ለወሬ አይደለም ብለዋል፤ ነገሩን ለማየት ከአባላቱ ጋር የወሩን መጨረሻ እሑድ ይቀመጣሉ፣ እኔም መዝገቡን ይዤ እንድገኝ ተጠርቻለሁ።