ፊልም ማንሣትና ሰውን ማንሣት

«ማንሣት» የሚለው የአማርኛ ቃል ብዙ ሥራ የሚሠራ ቃል ነው። የወደቀውን ሰው እጁን ይዘን እናነሣዋለን፤ የሞተውን ወዳጅ በደግ ስሙ እናነሣዋለን፤ የክርስትና አባትም ሕፃኑን ክርስትና ያነሣውና ከዚያ ቀን ጀምሮ ኀላፊነት ይኖርበታል። ፎቶግራፍና ፊልም ወደ አገራችን በገቡ ጊዜ ሕዝቡ ለአዲሱ ጥበብ የሰጠው ስም ይኸው ቃል ነው። እንግሊዞች ለዚህ ሥራ የሚጠቀሙበት ቃል ጠመንጃ ለመተኮስ ከሚጠቀሙበት ጋር አንድ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ግን ሰው በፊልም ይነሣል እንጂ አይተኮስበትም። ቃሉ እንዲሁ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ በውስጡ አንድ ከባድ የግብረ ገብ ጥያቄ ይዟል፤ ይኸውም፥ ፊልም የተነሣው ሰው በእውነት ተነሥቷልን? ወይስ አንሺው ብቻ በእርሱ ላይ ቆሞ ከፍ ብሏል? የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ዛሬ የሚነሣበት ምክንያት አለው። ታሪካቸው በሌላ ሰው አፍ ሲነገር የኖረ ሕዝቦች ልጆቻቸውን ፊልም የሚያስተምሩባቸው ማሠልጠኛዎችና ሥራቸውን የሚያሳዩባቸው መድረኮች በዓለም ላይ እየበዙ ሄደዋል። በእኛም አገር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት ከፍቷል፤ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮም በጉማ የፊልም ሽልማት ብዙ ባለሙያዎች ተመስግነዋል። ነገር ግን ይህ ሁሉ በአብዛኛው በዋናው ከተማ ነው። በወልድያ ወይም በመርሳ የሚኖር ካሜራ ወዳድ ወጣት ሙያውን የሚማረው ሠርግ እያነሣ ነው። ለእርሱ ትምህርት ቤት ቢከፈትለት መልካም ነው፤ ግን አስቀድሞ ምን እንደሚማር ማሰብ ይገባል። ስለ ብርሃንና ስለ ድምፅ በጥቂት ወራት መማር ይቻላል፤ ሰውን እንዴት እንደሚያነሡ መማር ግን የኅሊና ሥራ ነው።

ይህን ነገር ለማሰብ ከወሎ የበለጠ የሚያስተምር አገር ማግኘት ያስቸግራል። ወሎ ምስሉ ዓለምን የዞረ አገር ነውና። በ1965 ዓ.ም. ረሃቡ በጸና ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ስፍራው ወርደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው ለእይታ አቀረቡ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ከነበረችው ከኮረም፥ ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ያነሣውና ማይክል በርክ የተረከው ዜና በቢቢሲ ተላልፎ የብዙ አገሮችን ሕዝብ አስለቀሰ። ዕርዳታ መጣ፤ በዕርዳታውም ነፍስ ዳነ። ይህን ውለታ መካድ ነውር ነው።

ሆኖም ሌላው ወገንም መነገር አለበት። በዚያ ሁሉ ምስል ውስጥ ልጇን ታቅፋ የተቀመጠች እናት አለች። ሚሊዮኖች አይተዋታል፤ ስሟን ግን የሚያውቅ የለም። ስለ ከብቷ፥ ስለ ማሳዋ፥ ችግሩ ከየት እንደ ጀመረ የጠየቃት ጥቂት ነው። ምስሏን ያየ ሁሉ አዘነላት፤ እርሷ ግን ምስሏን ሳታይ ቀረች። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንደሚባለው፥ ፊልምም አንድ ጊዜ የያዘውን አይለቅምና፥ ወሎ ከዚያ በኋላ በብዙ ሰው አሳብ ውስጥ ረሃብ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሐብሩን የሚያውቅ ሰው በመርሳና በግራና የመስኖ ማሳ የሚለማውን ፍራፍሬ፥ በስሪንቃ የምርምር ማዕከል የሚካሄደውን የእህል ዘር ምርምር፥ እስላሙና ክርስቲያኑ በሐዘንና በደስታ የሚጠራሩበትን ጉርብትና ያውቃል። እነዚህ ሁሉ ግን ዓለም ካየው ምስል ውጭ ናቸው።

በዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር እንጨምር። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፥ ያው የዲምብልቢ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር እየተፈራረቀ ተቀጥሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። የረሃቡ ምስል እውነት ነበር፤ የግብዣውም ምስል እውነት ነበር። ሁለቱን ያጋጠመው መቀስ ግን ሦስተኛ ነገር ተናገረ፤ የተናገረውም ለፖለቲካ ጉዳይ ነበር። ያ ንግግር ልክ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወው። ለእኛ የሚበቃን ትምህርት፥ በፊልም ውስጥ አንድም ሐሰተኛ ምስል ሳይኖር የተራበው ሰው ለሌላ ሰው ክርክር ማስረጃ ብቻ ሆኖ ሊቀር እንደሚችል ማወቅ ነው።

ታዲያ መድኃኒቱ ካሜራውን ከባዕድ እጅ ወስዶ ለአገር ልጅ መስጠት ብቻ ነውን? «ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ» ይባላል፤ ምሳሌውም እውነት አለበት። ከኦሞ ሸለቆ የሙርሲ ተወላጅ የሆነው ኦሊሳራሊ ኦሊቡዊ እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ሕዝቡ ፊልም ሠርቷል። ጎብኚዎች ገንዘብ እየከፈሉ ፎቶግራፍ ሲያነሧቸው ከኖሩት ሰዎች መካከል አንዱ ወደ ካሜራው ጀርባ ተሻገረ ማለት ነው። የፊልሙ ስም የተመሠረተው ከላይ በጠቀስነው፥ ተኩስንና ፊልምን በአንድነት በሚጠራው የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ነው። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ዝምድና ብቻውን እውነተኛ አያደርግም። በ1967ቱ መቀስ ላይ የነበረው እጅ የአገር ልጅ እጅ ነበር። ከዚያም በፊት ረሃቡን የሸሸጉት ሹማምንት የአገር ልጆች ነበሩ።

እነዚያ ሹማምንት ያቀርቡት የነበረው ምክንያት የአገር ክብር ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ገመና የሚባል ነገር አለ፤ የተራበ ሰው ገላ፥ የተደፈረች ሴት ፊት፥ የሟች ሬሳ ገመና ነው። ይህን የመሸፈን ወይም የመግለጥ መብት የባለቤቱ ነው። የሹም ቸልተኝነት ግን ገመና አይደለም፤ የሕዝብ ጉዳይ ነው። ክፉ ፊልም አንሺ የደካማውን ገመና ገልጦ የብርቱውን ጥፋት ይሸፍናል፤ ደግ ፊልም አንሺ ደግሞ የብርቱውን ጥፋት ገልጦ የደካማውን ገመና ይሸፍናል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነት ወልድያንና መርሳን በረገጠበት ዘመን እያንዳንዱ ስልክ ካሜራ እንደ ነበረ ለምናስታውስ ሰዎች፥ ይህ ልዩነት የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም።

ስለ ሥልጠናው አካሄድ ከሌላ አገር የሚጠቀስ አንድ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1967 የካናዳ መንግሥት የፊልም መሥሪያ ቤት፥ ከመኖሪያቸው ተነሥተው ሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ ይታሰብላቸው ስለ ነበሩት የፎጎ ደሴት ዓሣ አጥማጆች አጫጭር ፊልሞች ሠራ። ፊልሞቹ አስቀድመው የታዩት ለራሳቸው ለደሴቲቱ ሰዎች ነበር፤ ያልወደዱትም ክፍል እንዲወጣ ማድረግ ይችሉ ነበር። ሕዝቡ የጎረቤት መንደር ሰዎች የተናገሩትን በፊልም አይቶ ችግሩ አንድ መሆኑን ተረዳ፤ ፊልሙ ለባለሥልጣኖች ታየ፤ መልሳቸውም በፊልም ተመለሰ። በ1968 ያው መሥሪያ ቤት የነባር ሕዝቦች ወጣቶችን አሠለጠነ፤ በ1969ም እነርሱ መንግሥትን የሚወቅስ ፊልም ሠሩ። የሚወቅሰውን ፊልም በራሱ ገንዘብ ያሠራ መንግሥት በዚህ አልተዋረደም።

ስለዚህ በወልድያ የሚከፈት ማሠልጠኛ ቢኖር ተማሪውን ሦስት ነገር ቢያስለምደው እንወዳለን። አንደኛው ከማንሣት በፊት ፈቃድ መጠየቅ፥ ስምን በትክክል መጻፍ ነው። ሁለተኛው በመቀስ ጊዜ ሰውየው ያላለውን እንዲል አለማድረግ ነው። ሦስተኛው የተሠራውን ፊልም ወደ ሌላ ከመላክ በፊት ለተነሣው ሰው በመንደሩ ማሳየት ነው። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በሚለው ፊልሙ የኢትዮጵያን ገበሬ ራሱን ተናጋሪ አድርጎ አቀረበ፤ «ጤዛ» የተባለው ሥራውም በ2008 በቬኒስ፥ በ2009 በዋጋዱጉ ተሸለመ። እንዲህ ያለው መድረክ ክብር ነው፤ ወጣቶቻችንም ሊደርሱበት ይገባል። ነገር ግን የቬኒስ ዳኛ ፊልሙ ማማሩን እንጂ የሐብሩ ገበሬ በእርግጥ እንደዚያ መናገሩን ሊመሰክር አይችልም። ያን የሚመሰክሩት በመርሳ ገበያ ቀን የተሰበሰቡ ሰዎች ናቸው።

ባለሥልጣን የሆነ ሰው እንዲህ ያለውን ትርኢት ቢፈቅድና ራሱም ከሕዝቡ መካከል ተቀምጦ ቢያይ፥ መምህር የሆነ ሰው ከካሜራው አስቀድሞ ኅሊናን ቢያስተምር፥ ተማሪ የሆነም ሰው ያነሣውን ሰው እንደ ክርስትና ልጁ ቢቆጥር፥ ቋንቋችን ለዚህ ጥበብ የሰጠው ስም እውነት ይሆናል። ያችም ስሟ ያልተጠየቀ እናት፥ በእርሷ ባይሆን በልጅ ልጆቿ፥ መናገር ትጀምራለች።