የአካባቢ ሳይንስ ለምትማሪው ልጄ፣ ከደወሌ

ልጄ፣ የአካባቢ ሳይንስና ፖሊሲ ልማር ብለሽ መነሳትሽን ሲሰማ ሰፈሩ «ኢንጂነሪንግ ቢሆን አይሻልም?» እያለ ነው። እኔ ደስ ብሎኛል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ አንቺ የያዝሽው ትምህርት ሁለቱንም ይሻል።

እስቲ ከውሃው እንጀምር። ከድንበሩ ከተማችን ከደወሌ ወደ ድሬዳዋ ስትሄጂ፣ በአዲጋላ በኩል ከተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች የሚወጣው ውሃ ድንበር ተሻግሮ የጅቡቲን ሕዝብ ያጠጣል። ቧንቧው በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ውሉ የ30 ዓመት ነው፤ መጠኑ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ፣ ለውሃውም ዋጋ አይጠየቅበትም። ለጎረቤት ውሃ መስጠትን አልቃወምም፤ በዚህ በረሃ የተጠማን መመለስ ነውር ነው። ነገር ግን አንዱ ቧንቧ ስንት ጥያቄ እንደሚያስነሳ አስቢ። ከሐረርጌ ተራሮች የሚወርደው ዝናብ በዓመት ምን ያህሉ ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋል? ለዚህ የሥነ ምድር ባለሙያ ያስፈልጋል። ውሃው ቢቀንስ ማን ለማን ያሳውቃል፣ ማንስ መዝጊያውን ያጠብባል? ይህ የሕግ ጉዳይ ነው። ካረን የምንለው የክረምቱ ዝናብ ሲቀር ግመሉን እየነዳ የሚመጣው አርብቶ አደር ከየትኛው ኤላ ያጠጣል? ይህን ከእረኛው በቀር ማንም አይነግርሽም። አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም። ሶማሌዎቹም በአንድ ጣት ፊት አይታጠብም ይላሉ።

ስለ ፕሮሶፒስ ደግሞ ከልቤ ልንገርሽ። ከአሜሪካ አህጉር የመጣ እሾሃማ ዛፍ ነው፤ አፈር ይይዛል፣ በረሃን ያግዳል ተብሎ በአዋሽ ሸለቆ ተተከለ። አፈሩን መያዙ እውነት ነው። ነገር ግን ፍሬውን ፍየሉም ከብቱም ይበላዋል፤ ጠንካራው ዘር ሆድ ውስጥ አልፎ ከእበቱ ጋር በየግጦሹ ይበቅላል። ሣሩ ጠፋ፣ መንገዱ ተዘጋ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መፍትሔውም እንዲሁ ጥድፊያ አይወድም። ዛፉን ቆርጣችሁ ከሰል አክስሉ ብሎ መፍቀድ ብቻውን አደጋ አለው፤ ተቆጣጣሪ ከሌለ በፕሮሶፒስ ስም የሚከስለው ግራሩ ነው። ፍሬውን ከነዘሩ ፈጭቶ ለመኖ ማዋል ግን ዘሩን ይገድለዋል፣ ለከብቱም ይጠቅማል። እዚህ ላይ የእጽዋት ዕውቀት፣ የገበያ ስሌትና የወረዳ መመሪያ አንድ ላይ ካልተቀመጡ አንዱ የሠራውን ሌላው ያፈርሳል።

ሕጉን ሳታነቢ ክፍል እንዳትጨርሺ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሰው ሁሉ በንጹህና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል፤ አንቀጽ 40 ደግሞ አርብቶ አደሩ ከመሬቱ እንዳይፈናቀል ይጠብቃል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት የአካባቢ ተጽዕኖው እንዲገመገም ያዛል። ሀዲዱም፣ አስፋልቱም፣ የጉምሩኩ ጣቢያም በደጃችን ያለፉ ናቸውና ይህ አዋጅ ለደወሌ ልጅ የሩቅ ወረቀት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ከጅግጅጋም ሆነ ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ብቻ አታገኚውም። የኢሳ ሶማሌ ሽማግሌዎች ሔር የሚሉት ሥርዓት አላቸው፤ በ2017 ዓ.ም. ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ሳይጻፍ በቃል የተላለፈ፣ የግጦሹንም ነገር የሚዳኝ ሕግ ነው። ግርጌ ማስታወሻ አድርገሽ አትለፊው፤ ሄደሽ ቁጭ በዪ። ቋንቋውን በደንብ ካልሰማሽ አስተርጓሚ አስቀምጪ፤ ሲናገሩ አታቋርጪ፤ የግጦሹን ነገር አንድ ሰው ብቻ ጠይቀሽም አትመለሺ። ሴቶቹን ለብቻ ጠይቂ፤ ጀሪካን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው፤ ኤላው ስንት ክንድ እንደወረደ ከማንም በፊት ያውቃሉ።

ኬሚስትሪውንና ስታትስቲክሱን ከበደኝ ብለሽ አትሽሺ፤ ጨዋማነቱ ያልተለካ ውሃ ላይ ማንም ቢከራከር ሚዛን የለውም። ለክረምት እረፍት ስትመጪ ገመድና ደብተር ይዘሽ ነይ። የኤላዎቹን ጥልቀት ለክተሽ ቀኑን ጻፊ፤ በድራዕ፣ በበልጉ ዝናብ ወቅትም ድገሚው። ስትመረቂ ወረዳው የሚጠይቅሽን ቁጥር አንቺ ቀድመሽ ይዘሽው ትገኛለሽ።