ወጣትን ማክበር ቃሉን መስማት ነው

መልካም የሠራውን ሰው «መልካም አደረግህ» ማለት የክርስቲያን ዕዳ ነው። የተዘራ ዘር ዝናምና ፀሐይ እንደሚያስፈልገው ሁሉ፥ በወጣትነት የበቀለ በጎ ሥራም የሚያየውና የሚያጸናው ሽማግሌ ካላገኘ ሳያፈራ ይደርቃል። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን በየአጥቢያቸው ለወገን የሚጠቅም ሥራ የሚሠሩትን ወጣቶች እንዴት ማክበር እንደሚገባን ከቅዱሳት መጻሕፍት እንመለከታለን።

የዓለም መንግሥታትም ይህን ነገር አስበውበታል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በ1992 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ነሐሴ 6 ቀን የዓለም የወጣቶች ቀን ሆኖ እንዲከበር አድርጓል። ይህ ቀን በእኛ ዘንድ በጾመ ፍልሰታ መካከል ይውላል። በዚያ ሱባዔ ሕፃናትና ወጣቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፥ ጾማቸውን ይዘው፥ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጽር ሞልተው ሲያስቀድሱ እናያለን። እንግዲህ ዓለም ስለ ወጣቶች በሚናገርበት ቀን ወጣቶቻችን በደጃችን ቆመው ይገኛሉ። እነርሱ መጥተዋል፤ እኛስ አይተናቸዋልን?

ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ታስሮ በወታደሮች ሰፈር ሳለ፥ ከአርባ የሚበልጡ ሰዎች እርሱን እስኪገድሉ ድረስ እህል ውኃ እንዳይቀምሱ ተማማሉ። ይህንን ምክር አንድ ወጣት ሰማ፤ እርሱም የጳውሎስ የእኅቱ ልጅ ነው። ስሙ አልተጻፈም፤ ዕድሜው አልተነገረም። ነገር ግን ፍርሃት ሳይመልሰው ወደ ሰፈሩ ገብቶ ለአጎቱ ነገረው፤ ጳውሎስም አንዱን የመቶ አለቃ ጠርቶ ልጁን ወደ ሻለቃው እንዲያደርስለት ለመነው (የሐዋ. ሥራ 23፥12-24)።

ሻለቃው ሮማዊ ሹም ነው፤ ልጁ ደግሞ የእስረኛ ዘመድ ነው። «ይህ ምን ያውቃል» ብሎ ቢያባርረው የሚከሰው አልነበረም። እርሱ ግን የልጁን እጅ ያዘ፤ ሰው ወደማይሰማበት ስፍራ ወስዶ ብቻውን ጠየቀው፤ እስኪፈጽምም አደመጠው። ከሰማውም በኋላ ነገሩን ለነገ አላሳደረውም። በዚያው ሌሊት 200 ወታደሮች፥ 70 ፈረሰኞችና 200 ጦረኞች እንዲሰናዱ አዘዘ፤ ጳውሎስንም ወደ ቂሣርያ በደኅና አሰደደው። በአንድ ወጣት ቃል 470 ጭፍራ ተነሣ። ሐዋርያው ከሞት ተርፎ በሮም እስከ መስበክ ደረሰ፤ ቤተ ክርስቲያንም ከእስራት ቤት የጻፋቸውን መልእክታቱን እስከ ዛሬ ታነባለች።

ወገኖቼ ሆይ፥ ልብ አድርጉ። ለዚያ ወጣት የተሸለመው ሽልማት አልተጻፈም። የተሰጠው ክብር እጁን ያዙት፥ ጠየቁት፥ አመኑት፥ በነገረውም ነገር ሠሩበት የሚል ነው። ከዚህ የሚበልጥ ክብር ምን አለ? ክርስቶስን የማያውቅ ሹም ለአንድ ብላቴና ይህን ያህል ጆሮ ከሰጠ፥ በክርስቶስ ስም የምንጠራ እኛ ምን ያህል ልንሰጥ ይገባናል!

ከዚህ ተቃራኒ የሆነውንም መጽሐፍ አይሰውርብንም። እሴይ ነቢዩ ሳሙኤል ወደ ቤቱ በመጣ ጊዜ ሰባት ልጆቹን አሳለፈ፤ ስምንተኛው ዳዊት ግን በሜዳ በጎችን ይጠብቅ ነበርና አላስታወሰውም (1ኛ ሳሙ. 16፥10-11)። የአባቱን ሀብት የሚጠብቀው እርሱ ሆኖ ሳለ በማዕድ የተረሳውም እርሱ ነው። ሳኦል ደግሞ ዳዊትን አየው፥ ሾመው፥ አከበረውም፤ ነገር ግን ሕዝቡ ብላቴናውን ከእርሱ አስበልጦ ባመሰገነው ጊዜ ልቡ በቅንዓት ተቃጠለ (1ኛ ሳሙ. 18፥7-9)። እሴይ በመርሳት፥ ሳኦል በቅንዓት በደሉት። የዛሬ አባቶችም በወጣቶች ላይ የምናደርሰው በደል ከእነዚህ ከሁለቱ አይወጣም።

ካህኑ ዔሊ ግን በዚህ ነገር ይመሰገናል። ብላቴናውን ሳሙኤልን የጠራው እግዚአብሔር እንደ ሆነ አስተዋለ፤ እንዴት እንደሚመልስም አስተማረው። በነጋም ጊዜ የተነገረውን ሳይሸሽግ እንዲገልጥለት አጥብቆ ጠየቀው። ያ ቃል በዔሊ ቤት ላይ የሚመጣ ቅጣት ነበረ፤ ሽማግሌው ግን ልጁን አልተቈጣም፥ የእግዚአብሔርን ፈቃድ በትሕትና ተቀበለ (1ኛ ሳሙ. 3፥8-18)። ወጣት የሚያስደስተንን ሲናገር መስማት ቀላል ነው፤ ስሕተታችንን ሲናገር መስማት ግን የዔሊን ልብ ይጠይቃል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. የጥምቀትን በዓል በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ በጻፈው ጊዜ ሁላችን ደስ አለን። በዚያ በዓል መንገዱን የሚጠርጉት፥ በታቦቱ ፊት ምንጣፍ የሚያነጥፉት፥ ታቦቱ ያለፈበትንም ጠቅልለው በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ፊት እየሮጡ እንደ ገና የሚዘረጉት እነማን ናቸው? የሰፈር ወጣቶች አይደሉምን? በየሰንበት ትምህርት ቤቱም ታናናሾቻቸውን የሚያስጠኑ፥ አቅመ ደካማ እናቶችን የሚጠይቁ፥ የፈረሰ ቤት የሚጠግኑ አሉ። የአብነት ተማሪውም በአኮፋዳው ቁራሽ እየለመነ ዜማውንና ቅኔውን የሚያጠናው ነገ እኛን ሊያገለግል ነው።

ነገር ግን እውነቱን እንናገር። ምንጣፍ ሲዘረጋ እንጠራቸዋለን፤ ምክር ሲመከር ግን አንጠራቸውም። ትከሻቸውን ፈለግን፥ ቃላቸውን ናቅን። ቤተ ክርስቲያናችን በ1965 ዓ.ም. በወጣው በቃለ ዓዋዲ ሰበካ ጉባኤን ስታቋቁም፥ ከካህናትና ከምእመናን ጋር የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም በጉባኤው እንዲቀመጡ ወስናለች። እንግዲህ ወንበሩ በሕግ ተሰጥቷል። በወንበሩ የተቀመጠው ወጣት ሲናገር ግን «አንተ ገና ልጅ ነህ» ተብሎ ዝም ቢሰኝ ወንበሩ ምን ይረባዋል? እንዲህ ያለው ልጅ ዛሬ ዝም ይላል፥ ነገ ይቀራል፤ ከቀረም በኋላ «ወጣቱ ወዴት ሄደ» ብለን ብናዝን ያባረርነው እኛው ነን።

ምናልባት አንድ ጥንቁቅ አባት፥ «ወጣትን ማመስገን ወደ ውዳሴ ከንቱ ይጥለዋል፤ ጌታችንም ቀኝ እጅ የምትሠራውን ግራ እንዳታውቅ አስተምሯል» ይል ይሆናል (ማቴ. 6፥3)። ነገሩ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ትእዛዙ ለሠሪው የተሰጠ ነው። ሠሪው ሥራውን ይርሳ፤ የተጠቀመው ግን አይርሳ። ጌታችን መበለቲቱ ሁለት ሳንቲም በጣለች ጊዜ ደቀ መዛሙርቱን ጠርቶ ሥራዋን አሳያቸው (ማር. 12፥41-44)። ያሳያቸውም እነርሱ እንዲማሩ ነው። እኛም እንደዚሁ ሥራውን ለጉባኤው እናሳይ፤ ወጣቱን ግን በጭብጨባ አናስክረው። ከጭብጨባ ይልቅ አደራ ብንሰጠው ይጠቅመዋል፤ ጭብጨባ ያስታብያል፥ አደራ ግን ያጐለምሳል።

ስለዚህ እናንተ ካህናት፥ የነፍስ ልጆቻችሁ የሆኑትን ወጣቶች በየስማቸው እወቋቸው፤ ጥፋታቸውን ብቻ ሳይሆን በጎ ሥራቸውንም ጠይቁ። እናንተ ወላጆች፥ የጢሞቴዎስ እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደ ነበረ አስታውሱ (2ኛ ጢሞ. 1፥5)፤ ልጆቻችሁ ከእናንተ ያላዩትን በጎነት ከእነርሱ አትጠብቁ። እናንተ የሰበካ ጉባኤ አባላት፥ በሚመጣው ስብሰባችሁ አስቀድማችሁ ታናሹን አናግሩት፤ የተናገረውም የሚጠቅም ቢሆን በዚያው ቀን ሥሩበት።

እናንተም ወጣቶች ሆይ፥ ማንም ባያያችሁ ከበጎ ሥራ አትቦዝኑ። ሐዋርያው ጢሞቴዎስን ስለ ወጣትነቱ እንዳይናቅ በነገረው ጊዜ በቃልና በኑሮ፥ በፍቅርና በእምነት፥ በንጽሕናም ምሳሌ እንዲሆን አዘዘው እንጂ በክርክር እንዲከበር አላዘዘውም (1ኛ ጢሞ. 4፥12)። የጳውሎስ የእኅቱ ልጅ ስሙ በምድር አልተጻፈም፤ ሥራው ግን ወንጌል በተነበበበት ቦታ ሁሉ ይነገራል። ስሙንም ያልረሳ እግዚአብሔር ነው።

ዳዊትን ከበጎች መካከል የጠራ፥ ሳሙኤልን በሌሊት በስሙ የጠራ አምላክ፥ ለወጣቶቻችን የማገልገልን ጸጋ፥ ለእኛም የሚያይ ዓይንና የሚሰማ ጆሮ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።