በጎረቤት ኃጢአት ንስሐ አይገባም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! በዚህ ጾም ንስሐ አባታችን ፊት ቀርበን የጎረቤታችንን ኃጢአት አንድ በአንድ ብንዘረዝር ምን ይሉናል? «ልጄ፣ ይሄ የእሱ ነው፤ ያንተስ?» ማለታቸው አይቀርም። ሰው ለብቻው ሲሆን ይህን ያውቃል። ሕዝብ ሆኖ ሲቆም ግን ይረሳዋል። ሕዝቦች ለተበደሉት በደል ሐውልት ያቆማሉ፤ የበደሉትን ግን ሣር እንዲበቅልበት ይተዉታል።

እስኪ ሁለት እልቂቶችን ጎን ለጎን እንያቸው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ጣሊያኖች በአዲስ አበባ ሦስት ቀን ሙሉ ያገኙትን ገደሉ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺህ ብሏል። በግንቦት ደግሞ መነኮሳቱ ከቦምብ ጣዮቹ ጋር ተባብረዋል ተብሎ በጄኔራል ማሌቲ የሚመራ ጦር ደብረ ሊባኖስ ገባ። ግራዚያኒ ራሱ ለሮም ባስተላለፈው ሪፖርት የተገደሉት መነኮሳት፣ ዲያቆናትና ምእመናን 449 ናቸው፤ ኋላ ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች ግን ከ1,400 እስከ 2,000 ይገምታሉ።

ሰባት ዓመት ሳይሞላ ተመሳሳይ መከራ ሮም ደረሰ። በመጋቢት 1936 ዓ.ም. በጀርመን ፖሊሶች ላይ ቦምብ ፈንድቶ 33ቱ ሞቱ። ጀርመኖች በማግሥቱ 335 ሰዎችን አርዴያቲኔ በሚባለው ዋሻ ረሸኑ። ጣሊያን ይህን አልረሳችም። አዛዡን ካፕለርን በ1940 ዓ.ም. ዕድሜ ልክ እስራት ፈረደችበት፤ ሙታኑንም በየዓመቱ በቦታው ታስባለች። ማዘኗም ተገቢ ነው። ግራዚያኒስ? በ1942 ዓ.ም. የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በማበሩ ነበር፤ እሱም በወራት ውስጥ ተፈታ። ስለ ደብረ ሊባኖስ ደም አንድም ጣሊያናዊ ችሎት ፊት አልቆመም። እንዲያውም በነሐሴ 2004 ዓ.ም. አፊሌ በምትባል ከተማ በሕዝብ ገንዘብ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ተመረቀለት።

ይህን ስናነብ «አይ ጣሊያን!» ለማለት እንቸኩላለን። ዳዊትም ቸኩሎ ነበር። ነቢዩ ናታን የድሀውን አንዲት በግ ስለ ነጠቀው ባለጠጋ ሲነግረው ቁጣው ነደደ፣ ሞት ይገባዋል ብሎም ፈረደ። ባለጠጋው እርሱ ራሱ መሆኑን እስኪሰማ ድረስ ጥሩ ዳኛ ነበር (2ኛ ሳሙ. 12)።

እኛስ? በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ማይካድራ ውስጥ፣ በኅዳር ደግሞ ለጽዮን በዓል ሁለት ቀን ሲቀር አክሱም ውስጥ ደም ፈሰሰ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ቢሮ በ2014 ዓ.ም. በጋራ ባወጡት ሪፖርት፣ በማይካድራ ሳምሪ የተባለ የትግራይ ወጣቶች ቡድን ከ200 በላይ የአማራ ተወላጆችን፣ በአክሱም የኤርትራ ወታደሮች ከ100 በላይ ሰላማዊ ሰዎችን መግደላቸው ተጽፏል። ሁለቱም በአንድ ጥራዝ ላይ ናቸው። እኛ ግን ጥራዙን ቀድደን ተካፈልነው። አንዱ የማይካድራን ገጽ ይዞ ያለቅሳል፤ ሌላው የአክሱምን። የሌላኛው ገጽ ሲነበብ «የእነሱስ?» ብለን እናቋርጣለን። አክሱም ላይ የወደቁትም፣ ማይካድራ ላይ የወደቁትም እናት ነበራቸው። ብዙዎቹም እንደኛ ማተብ ያሰሩ ነበሩ።

የሞቱብንን እንርሳ ማለቴ አይደለም። ደብረ ሊባኖስን ዝም በሉ የሚለን ካለ ተሳስቷል። ፍርድ ይቅር ማለቴም አይደለም። ነገር ግን የራስን ወገን ጥፋት መናገር አገር መክዳት አይደለም። አንጄሎ ዴል ቦካ የተባለ ጣሊያናዊ የታሪክ ጸሐፊ አገሩ በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ መጠቀሟን ሲጽፍ በገዛ ወገኖቹ ብዙ ተሰደበ። በ1988 ዓ.ም. ግን የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር እውነቱን አመነ። ለአገሩ የሚያስብ እንዲህ ያለው ነው።

ነቢዩ ዳንኤልን እናስብ። ኢየሩሳሌም ስትጠፋ የበደሉት ነገሥታቱና አለቆቹ ነበሩ፤ እርሱ በልጅነቱ የተማረከ ነው። ሆኖም ጾሞ፣ ማቅ ለብሶ፣ አመድ ነስንሶ ሲጸልይ «እነርሱ በደሉ» አላለም፤ ራሱን ከበደሉት ጋር ቆጥሮ ስለ ሁሉም ለመነ (ዳን. 9)። ባቢሎን ያደረሰችባቸውን ግፍ ሊዘረዝር ይችል ነበር፤ በጾሙ ቀን ግን ያንን ክስ አላስቀደመም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በዚህ ጾም ከሥጋውና ከወተቱ ጋር «የእነሱስ?» የምትለዋንም ቃል እንጹማት። እግዚኦታ ሲደርስ ከስግደታችን ጥቂቱን የኛ ወገን ለገደላቸው እናድርግ። ስማቸውን ባናውቅ እግዚአብሔር ያውቀዋል። በፍርድ ቀን የምንጠየቀው በየራሳችን ገጽ ነውና፣ ዛሬ በእጃችን ሳለ ገልጠን እናንብበው።

ለዚህ የሚያበቃ ልብ አምላካችን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።